ትንንሾቹ የባሕር ወለል ቅርፊት ለባሾች፦ ካርታው የእንስሳቱ ነው ወይስ የመርከቦቹ?

ካርታ ሠሪው (የክሩ ከፋች)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ላለፉት ጥቂት ወራት፣ ለሁሉም ክፍት ከሆኑ የባሕር ሕይወት የመረጃ ቋቶች፣ በባሕር ወለል ደለል ላይና ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ቅርፊት ለባሽ እንስሳት የተገኙባቸውን ነጥቦች እየለቀምኩ በካርታ ላይ ሳሰፍር ቆይቻለሁ። የያዝኳቸው አራት ቡድኖች ናቸው፦ ገላቸው ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ የሚመስለው አምፊፖዶች፣ በተቃራኒው ከላይ ወደ ታች ጠፍጣፋ የሆኑት አይሶፖዶች፣ ትልቅ ራስና ቀጭን ጅራት ኖሯቸው ጭልፋ የሚመስሉት ኩማሺያኖች፣ እንዲሁም ቀጭንና ረዘም ያለ ገላ ከፊት መቆንጠጫ ጋር ያላቸው ታናይዶች። አብዛኞቹ ቢረዝሙ ከ1 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህም የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች ቢሆኑም የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው።

ካርታው ሲያልቅ ግን ግራ ገባኝ። በሰሜን አትላንቲክ ግራና ቀኝ ዳርቻዎችና በአንታርክቲካ ዙሪያ ነጥብ በነጥብ ላይ ተደራርቦ ሲጠቁር፣ ሰፊው የፓስፊክና የሕንድ ውቅያኖስ ወለል ግን ባዶ ወረቀት ሆኖ ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ ዩሪቴኔስ ግሪለስ የሚባለው ጥንብ አንሺ አምፊፖድ ከአርክቲክ እስከ አንታርክቲክ በሁሉም ውቅያኖስ ተመዝግቦ አገኘሁት። በእነዚህ በአራቱም ቡድኖች እናቲቱ እንቁላሏን ከደረቷ ሥር ባለ ከረጢት ታቅፋ እንደምታሳድግና በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ እንደሌላቸው አውቃለሁ። እጭ የሌለው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ወይም ሴንቲሜትር የሚረዝም እንስሳ፣ ዓለምን እንዴት ሊያካልል ቻለ? ባዶ የሚመስለው ቦታስ በእርግጥ ባዶ ነው፣ ወይስ ካርታዬ የሚያሳየው መርከብ የሄደበትን ብቻ ነው?


ባለወንፊት

ካርታ ሠሪው፣ የሥራ ዘመኔን በአብዛኛው በወንፊትና በማይክሮስኮፕ ላይ ጎንብሼ ያሳለፍኩ ስለሆንኩ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። ካርታዎ በአመዛኙ የመርከቦቹ ነው፤ ነገር ግን የመርከቡን መንገድ ብቻ ሳይሆን መርከቧ ይዛው የሄደችውን መሣሪያና የወንፊቱን ቀዳዳ ጭምር ያሳያል።

ችግሩ የቆየ ነው። ኤድዋርድ ፎርብስ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በኤጂያን ባሕር ወለሉን በመጎተቻ ሲያስስ፣ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚያገኘው እንስሳ እያነሰ ስለሄደበት፣ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት አይኖርም ወደሚል ግምት ደረሰ። ኤጂያን በምግብ ድሃ ከሆኑ ባሕሮች አንዱ መሆኑን፣ የዚያ ዘመን መጎተቻም ቶሎ በጭቃ የሚደፈን መሆኑን ልብ ካልን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ከአንድ ባሕርና ከአንድ መሣሪያ ተነስቶ ስለ ውቅያኖስ ሁሉ ተናገረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ፣ ሃዋርድ ሳንደርስና ሮበርት ሄስለር ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እስከ ቤርሙዳ በተዘረጋ መስመር ላይ ደቃቅ መረብ የተገጠመለት ተንሸራታች መሣሪያ ሲጎትቱ፣ ድሃ ሲባል ከኖረው ጥልቅ ወለል በአንድ ጉተታ በሺህ የሚቆጠሩ እንስሳትን አወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ቀደም ሲል በነበሩት ሰፋፊ መረቦች ሾልከው ይቀሩ የነበሩት እርስዎ የያዟቸው ቡድኖች ናቸው።

ዛሬም ቢሆን በሁለት ዓይነት መሣሪያ የተገኘውን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ሳጥን መሰሉ መቁረጫ 0.25 ካሬ ሜትር ደለል ቆርጦ ስለሚያወጣ በካሬ ሜትር ስንት እንስሳ እንዳለ ለመቁጠር የታመነ ነው፤ ሆኖም ወደ ታች ሲወርድ ከፊቱ የሚገፋው ውኃ ከደለሉ ገጽ ላይ ቀለል ያሉትን እንስሳት ጠርጎ ያርቃቸዋል፣ ዋናተኞቹም ያመልጣሉ። ተንሸራታቹ ደግሞ ብዙ ዝርያ ይሰበስባል እንጂ ምን ያህል ስፋት እንደጠረገ በትክክል አይናገርም። ወንፊቱም እንዲሁ ነው፤ በጥልቀት የሚኖሩት ከዳርቻዎቹ ይልቅ ደቃቅ ስለሆኑ፣ ባለ 1 ሚሊሜትር ወንፊት የተጠቀመ ቡድን ታናይዶቹን ከጭቃው ጋር መልሶ ወደ ባሕር ደፍቷቸዋል ማለት ነው። ለጥልቅ ባሕር የተለመደው 0.3 ሚሊሜትር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካላየው ሰው ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የሚዘለል ነው። ደለሉ በወንፊት ላይ በቀስታ ሲታጠብ፣ አምፊፖዱም አይሶፖዱም ሲሰምጥ፣ የኩማሺያን ቅርፊት ግን ውኃ ስለማይቀበል አየር ከነካው በኋላ በውኃው ገጽ ላይ እንደ ብናኝ ተጣብቆ ይቀራል። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሳህኑን ዘንበል አድርጌ ከላይ ያለውን ንጹሕ የመሰለኝን ውኃ ደፋሁ፤ የአንድ ሙሉ ጣቢያ ኩማሺያኖች በገንዳው ቀዳዳ ሄዱ። ነገሩ የገባኝ በሚቀጥለው ናሙና፣ መብራቱ በጎን ሲያርፍበት፣ በውኃው ገጽ ላይ ትንንሽ ጭልፋዎች ጅራታቸውን አንጨብረው ሲንሳፈፉ ሳይ ነው። ጥቂት የአልኮል ጠብታ ሲነሰነስባቸው ወዲያው ይሰምጣሉ።


ስም አውጪ

ባለወንፊት ስለ መሣሪያው የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም ከዋልታ እስከ ዋልታ ስለተዘረጋው ዝርያ ልናገር።

ዩሪቴኔስ ግሪለስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሰሜን ውቅያኖስ በተገኘ ናሙና ስም ከወጣለት ጀምሮ፣ በየትኛውም ውቅያኖስ ማጥመጃ ሳጥን ውስጥ ዓሣ ተደርጎ ሲወርድ ቶሎ ከሚደርሱት አንዱ ሆኖ ኖሯል። መልኩ በየቦታው አንድ ዓይነት ስለሚመስል ስሙም አንድ ሆነ። የዲኤንኤ ንጽጽር ሲደረግ ግን፣ በ2013 በወጣ ጥናት፣ በዚህ አንድ ስም ሥር ዘጠኝ ያህል የተለያዩ የዘር ሐረጎች ተሸፍነው መኖራቸው ታየ፤ አንዳንዶቹን የሚለያቸው ርቀት ሳይሆን ጥልቀት ነው፤ በአንድ የባሕር አካባቢ ላይኛውና ታችኛው ውኃ ውስጥ የሚኖሩት ዘር አይቀላቀሉም። ከዚያ ወዲህ በርካታዎቹ የየራሳቸው ስም ወጥቶላቸዋል። በ2020 ከማሪያና ትሬንች (በምዕራብ ፓስፊክ ካለው እጅግ ጥልቅ የባሕር ወለል ስርጉድ) የተገለጸው ዩሪቴኔስ ፕላስቲከስ ስሙን ያገኘው በአንጀቱ ውስጥ የፕላስቲክ ጭረት ስለተገኘ ነው። በመሆኑም በካርታዎ ላይ ያለው ያ ረጅም መስመር የአንድ እንስሳ መኖሪያ ሳይሆን የብዙ እንስሳት መኖሪያዎች በአንድ መርፌ የተሰፉበት ነው።

ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ አንዱን እንስሳ ብዙ አድርጎ መቁጠርም አለ። ናቲድ የሚባሉት አይሶፖዶች ወንዱ ትልቅ መንጋጋ ያለው፣ ሴቷ ክብና ወፍራም፣ ታዳጊው ደግሞ የዓሣ ደም የሚመጥ ቀጭን ፍጡር በመሆኑ፣ የድሮዎቹ ሊቃውንት ወንዱን አንሲየስ፣ ታዳጊውን ፕራኒዛ ብለው በሁለት የተለያዩ ወገኖች መድበዋቸው ነበር። በጥልቅ ባሕር ታናይዶች ዘንድ ይህ ጣጣ ዛሬም አላለቀም፤ የወንዶቹ መልክ ከሴቶቹ እጅግ ስለሚለይ፣ ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደሚሄድ ሳይታወቅ ማሰሮ ውስጥ የሚቀመጥ ወንድ ብዙ ነው። በተጨማሪም ከአምፊፖዶች በስተቀር ሦስቱ ቡድኖችዎ ከእናት ከረጢት ሲወጡ የመጨረሻ ጥንድ እግራቸው ገና አልበቀለም፤ ጀማሪ ለቃሚ እግር ቆጥሮ ሌላ ዝርያ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከመዝገቦችዎ መካከል በዲኤንኤ የተረጋገጡትን ለይተው ሌላ ቀለም ይስጧቸው። ጥቂት ይሆናሉ። ለብዙ ዘመን ናሙና የሚቀመጠው በፎርማሊን ነበር፤ ፎርማሊን ቅርጽን በደንብ ይጠብቃል፣ ዲኤንኤን ግን ይሰባብራል። ከመርከቡ ወለል ጀምሮ በቀዘቀዘ 96 በመቶ አልኮል ማስቀመጥ የተለመደው በቅርብ ጊዜ ነው።


ተጠራጣሪ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ አካሄድ በጥቂቱ ይጎረብጠኛል። በሰፊው የተሰራጨ ዝርያ በተገኘ ቁጥር «የተሸፈኑ ዝርያዎች ናቸው» የሚባል ከሆነ፣ ግምቱን ሊያፈርስ የሚችል ማስረጃ ከየት ይመጣል? እጭ የሌላቸው ትንንሽ ቅርፊት ለባሾች ረጅም መንገድ እንደሚጓዙ የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። ካፕሬላ ሙቲካ የሚባለው ቀጭን አምፊፖድ መነሻው ሰሜን ምሥራቅ እስያ ሲሆን፣ በ1995 ኔዘርላንድስ ውስጥ ተገኝቶ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ዳርቻዎች በስፋት ተዳርሷል። ተቆርጦ በሚንሳፈፍ የባሕር አረም ላይ ተሳፍረው ውቅያኖስ መሃል የሚገኙ አይሶፖዶችም አሉ። በደለል ቅንጣቶች መካከል የሚኖሩት፣ ሃርፓክቲኮይድ ኮፔፖዶች የሚባሉት ደቃቅ ቅርፊት ለባሾች ደግሞ፣ በብዛት ከክር ትሎች ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነው ሳለ፣ እጫቸው እንኳ ከደለሉ ሳይነሳ እዚያው ይሳባል፤ አንዳንዶቹ ግን በሰፊው ተሰራጭተዋል። ከረጢቱ ብቻውን ሁሉን ይወስናል ማለት የተጋነነ አይመስላችሁም?


ጥልቅ ውኃ

ተጠራጣሪ ያነሱት ነጥብ ተገቢ ነው፤ ፈተናም ተደርጎበታል። ከታኅሣሥ 2014 እስከ ጥር 2015 ዞነ በተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ የቬማ ስንጥቅ በሚባለው አካባቢ አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ የሄደ ጉዞ ነበር። ጥያቄው፣ በውቅያኖሱ መካከል ከሰሜን እስከ ደቡብ የተጋደመው የተራራ ሰንሰለት በጥልቁ ወለል ላይ ለሚኖሩ ቅርፊት ለባሾች አጥር ይሆናል ወይ የሚል ነው። ሁሉም አይሶፖዶች የእናት ከረጢት አላቸው፤ የሰውነታቸው አሠራር ግን ይለያያል። የኋላ እግሮቻቸው እንደ መቅዘፊያ የሰፉላቸው ሙኖፕሲዶች መዋኘት ስለሚችሉ፣ ከእነሱ መካከል በተራራው በሁለቱም ወገን የተገኙ ዝርያዎች አሉ። ማክሮስታይሊዶች ግን ደለል ውስጥ የሚቆፍሩ ናቸው፤ ለእነሱ ሰንሰለቱ እንደ አጥር ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግምቱን ሊያፈርሰው ይችል የነበረ ማስረጃ ነው፤ ቆፋሪዎቹም በሁለቱም በኩል አንድ ሆነው ቢገኙ ኖሮ ስለ ከረጢቱ የምንለው ሁሉ ባልጸና ነበር።

ካፕሬላን በተመለከተ፣ እሱ የሚኖረው በመርከብ አካልና በገመድ ላይ ሙጭጭ ብሎ ስለሆነ፣ የሚያጓጉዘው መርከቡ ነው፤ 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ጭቃ ውስጥ ለሚኖር እንስሳ እንዲህ ያለ ማመላለሻ የለውም። ከላይ የተጠቀሱት ናቲዶች ታዳጊያቸው በዓሣ ላይ ስለሚሳፈር፣ እነሱን ከሌሎች አይሶፖዶች ለይቶ ማየት ይገባል። ስለ ኮፔፖዶቹ ግን ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ በጥልቅ ውኃም ኃይለኛ የውኃ ፍሰት ደለሉን የሚያናውጥባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ ክብደታቸው እዚህ ግባ የማይባሉት እንስሳት ሳይፈልጉ ተጉዘው ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ብዝኃነቱ። ካርታ ሠሪው የነጥቦችን ብዛት ከዝርያ ብዛት ጋር ያምታቱት መሰለኝ። ወደ ታች ሲወረድ የእንስሳቱ ቁጥር ይቀንሳል፤ ምክንያቱም በጥልቁ የሚኖሩት ከላይ ከብርሃኑ ዓለም ተበልቶና ፈርሶ የሚዘንበውን ትርፍራፊ ስለሚጠብቁ ነው፤ ከላይኛው ምርት ጥልቁ ወለል የሚደርሰው ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። የዝርያው ብዛት ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ አይወድቅም፤ በብዙ አካባቢዎች ከዳርቻው ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ2,000 እና በ3,000 ሜትር መካከል ከፍተኛው ላይ ይደርስና እንደገና ይቀንሳል። የቡድኖቹም ተራ ይቀያየራል፤ በጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ አምፊፖድ ሲገን፣ በጥልቁ ሜዳ ዓይን የሌላቸው አይሶፖዶችና ታናይዶች ይበዛሉ። ጥንብ አንሺዎቹ አምፊፖዶች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ ሂሮንዴሊያ ጊጋስ የሚባለው 10,900 ሜትር አካባቢ፣ የማሪያና ትሬንች ጥግ ድረስ ወርዶ ይኖራል።

ከኬክሮስ ጋር ያለው ዝምድና አወዛጋቢ ነው። ማይክል ሬክስና ባልደረቦቹ በ1993 የሰሜን አትላንቲክ ጥልቅ ባሕር አይሶፖዶች ወደ ዋልታው በቀረቡ መጠን ዝርያቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። ግን ያ ቅናሽ በአብዛኛው የሚመጣው ከኖርዌይ ባሕር ነው፤ ይህ ባሕር ደግሞ በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በፋሮ መካከል ባለ ከውኃ በታች በሆነ ደፍ ከአትላንቲክ ጥልቅ ክፍል የተዘጋ፣ የታችኛው ውኃውም ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ ነው። እንዲያ ያለ ቦታ ድሃ ቢሆን የኬክሮሱ ሥራ ነው ወይስ የደፉ? ወደ ደቡብ ስንሄድ ምስሉ ይገለበጣል። አንዲፕ በሚል ስም ፖላርሽተርን በተባለችው መርከብ ከ2002 እስከ 2005 በተካሄዱ ጉዞዎች፣ ከ774 እስከ 6,348 ሜትር ጥልቀት ከተሰበሰቡ ናሙናዎች 674 የአይሶፖድ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ 585ቱ ለሳይንስ አዲስ ነበሩ። አንጀሊካ ብራንትና ባልደረቦቿ ይህን በ2007 ሲያወጡ፣ ዋልታ ማለት ድህነት ነው የሚለው ሐሳብ በጥልቁ ላይ እንደማይሠራ በማያሻማ መንገድ ታየ። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው የነጥብ ክምችት የብዙ ጉዞዎች ውጤት መሆኑ እውነት ነው፤ ከነጥቦቹ ሥር ያለው ሀብት ግን የመርከቦቹ ፈጠራ አይደለም።


ካርታ ሠሪው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ አንታርክቲካ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚያ አካባቢ የመጡ ፎቶዎች ላይ አምፊፖዶቹ ከሌላው ቦታ ዘመዶቻቸው ይልቅ ትልልቅ ይመስላሉ። ይህም የመሣሪያ ጉዳይ ነው?


ጥልቅ ውኃ

አይደለም፣ ይህኛው የእንስሳቱ ነው። ሻፔልና ፔክ በ1999 ወደ 1,900 የሚጠጉ የአምፊፖድ ዝርያዎችን መጠን ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ አነጻጽረው፣ ትልቁ ሊደርስበት የሚችለው መጠን በውኃው ውስጥ ካለው የኦክስጅን መጠን ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነኝ የባይካል ሐይቅ ነው፤ ቅዝቃዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ የባይካል አምፊፖዶች እንደ ዋልታ ባሕሮቹ በሆኑ ነበር፣ እነሱ ግን ቅዝቃዜው ከሚያስገምተው በላይ ትልልቅ ናቸው፤ ጨው የሌለው ውኃ ከባሕር ውኃ የበለጠ ኦክስጅን ስለሚይዝ ነው። የአንታርክቲካ ዳርቻ ሌላም ዕድል አለው፤ በሌላው ዓለም ትንንሾቹን የሚበሏቸውና ቦታቸውን የሚሻሟቸው ሸርጣኖች እዚያ ከሞላ ጎደል የሉም።


ቁጥር ወዳድ

ስለ ጠቅላላው ብዛት ማንም አላነሳም፤ ጠቡ ያለው እዚያ ነውና ባጭሩ ላንሳው። ግራስልና ማቺዮሌክ በ1992 ከኒው ጀርሲና ከዴላዌር ባሻገር ከ233 የሳጥን ናሙናዎች 798 ዝርያዎች ቆጠሩ፤ ቅርፊት ለባሾች ከዋነኞቹ ቡድኖች መካከል ነበሩ። በመስመሩ ላይ በተጓዙ ቁጥር አዲስ ዝርያ መጨመሩ ስላልቆመ፣ ያንን ዕድገት ወደ መላው ጥልቅ ወለል ዘርግተው 10 ሚሊዮን ዝርያ ሊኖር ይችላል አሉ። ሮበርት ሜይ በዚያው ዓመት በአካሄዱ አልተስማማም፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዝቅ አደረገው። የሃያ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው! ሁለቱም የተነሱት ከአንድ ሰንጠረዥ ነው። እኔ ወደ ሜይ አደላለሁ፤ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ የታየን ዕድገት ወደ ስፋት መዘርጋት ያስፈራኛል። ይሁን እንጂ ካርታ ሠሪው ባዶ ያሉት ፓስፊክ ለግራስል ወገን ይመሰክራል። በክላሪዮንና ክሊፐርተን ስንጥቆች መካከል ያለው፣ በማንጋኒዝ እንክብሎች የተሸፈነው፣ 6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ወለል ላይ እስከ 2023 የተሰበሰበው መረጃ ሲደመር 5,578 ዝርያዎች ተቆጥረዋል፤ መደበኛ ስም የነበራቸው 436 ብቻ ናቸው።

ይህም በእርስዎ ካርታ ላይ ለምን እንደማይታይ ያስረዳል። የመረጃ ቋቱ የሚቀበለው ስም ነው፤ ስም የሌለው እንስሳ ማሰሮ ውስጥ ቢኖርም ነጥብ አይሆንም።


የአሸዋ ዳር

ስለ ጥልቁ ብዙ ተባለ፤ እኔ የምሠራው ግን ሞገድ በሚደርስበት አሸዋ ላይ ነው። ከረጢቱ ምን እንደሚያደርግ በዓይን የታየው እዚህ ይመስለኛል።

መጋቢት 16 ቀን 1978 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አሞኮ ካዲዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፈረንሳይ ብሪታኒ ዳርቻ ተሰብራ ከ220,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። በሞርሌ የባሕር ወሽመጥ ባለው ደቃቅ አሸዋ ውስጥ፣ አምፔሊስካ የሚባሉት አምፊፖዶች ከሐር መሰል ክር በሠሩት ቱቦ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው እየኖሩ ከሁሉ በላይ ይበዙ ነበር። ለነዳጅ እጅግ ስስ በመሆናቸው ወዲያው ጠፉ ማለት ይቻላል። በዚያው አሸዋ ያሉ ትሎች ብዙም ሳይጎዱ ቆዩ፤ አምፔሊስካዎቹ ግን ወደ ቀድሞ ብዛታቸው ለመመለስ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ጭቃው ከጸዳ በኋላም ቢሆን ሌላ ቦታ ያሉት ዘመዶቻቸው እጭ ልከው ሊሞሉት አልቻሉም፤ የተመለሰው ከተረፉት ጥቂቶች፣ ከእናት ከረጢት ወደ አጠገቧ አሸዋ፣ ትውልድ በትውልድ ነው። ተጠራጣሪ፣ እርስዎ የጠየቁት ፈተና ይህም አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥራቸው መልሶ ሲሞላ ደግሞ ምን እንደሚያህል ለማየት ቤሪንግ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል፣ ቺሪኮቭ በሚባለው አካባቢ መሄድ ነው። እዚያ የአምፔሊስካ ቱቦዎች ተጠጋግተው ወለሉን እንደ ምንጣፍ ይሸፍኑታል። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በጎናቸው ተኝተው ወለሉን ይመጥጡታል፤ ጭቃውን በአፋቸው ውስጥ ባለው ፂም መሰል ማጣሪያ መካከል መልሰው ተፍተው አምፊፖዱን ያስቀራሉ፤ ከኋላቸው ረዣዥም ጉድጓድ ይቀራል። አሥር ሜትር የሚያልፍ እንስሳ በጣት ጥፍር ልክ በሚሆን እንስሳ ይኖራል ማለት ነው። የምንጣፉ ስፋትና ክብደት ከ1980ዎቹ ወዲህ ቀንሷል፤ ዓሣ ነባሪዎቹም ሌላ መመገቢያ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሲገፉ ታይተዋል።


ተጠራጣሪ

የሞርሌውን ምሳሌ እቀበላለሁ፤ ከቬማው ጋር ሲደመር አሳምኖኛል። በአንድ ነገር ግን አልለቅም። ቁጥር ወዳድ ስለጠቀሱት የማንጋኒዝ ወለል ስንነጋገር፣ ስርጭታቸው ጠባብ ነው ብሎ ለመናገር ብዙዎቹ ዝርያዎች የተገኙት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የተገኘ እንስሳ ብርቅ ይሁን ወይም ያልተፈለገ ይሁን ከአንድ ነጥብ ማወቅ አይቻልም።


ስም አውጪ

ይህ ትክክል ነው፤ በየማሰሮው የማየው ነው። ነገር ግን ነጥቡ ወደ ሁለቱም ወገን ይቆርጣል። ሰፊ ስርጭት አለው ተብሎ ወለሉ የማንጋኒዝ እንክብሎቹን ለማውጣት ከታረሰ በኋላ ጠባብ ሆኖ ቢገኝ የሚመለስበት መንገድ የለም። በ1989 ከፔሩ ባሻገር ባለው ጥልቅ ወለል ላይ ለሙከራ የታረሰው ቦታ፣ ከ26 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩት የማረሻው መስመር ትናንት የተሠራ ይመስል ነበር።


ካርታ ሠሪው

ካርታውን እንደገና ልሠራው ወስኛለሁ። ለእያንዳንዱ ነጥብ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የወንፊቱን ቀዳዳ፣ ጥልቀቱንና ስሙ በዲኤንኤ መረጋገጥ አለመረጋገጡን የሚይዙ አራት አምዶች ጨምሬያለሁ። ዋናተኞቹን፣ ቆፋሪዎቹንና በሌላ ላይ የሚሳፈሩትንም በሦስት ቀለም ከፍያቸዋለሁ። ዩሪቴኔስ ግሪለስን ለጊዜው አንስቼዋለሁ። ችግሩ በብዙ መዝገቦች ላይ የወንፊቱ ቀዳዳ አልተጻፈም። በዘመኑ ልማድ ልገምተው ወይስ ባዶ ልተወው?


ባለወንፊት

ባዶ ይተዉት። የመርከቡ የጉዞ ዘገባ በብዙ ጊዜ ከመረጃ ቋቱ የተሻለ ዝርዝር ስላለው መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ግምት አይጻፉ፤ ግምት ካርታ ላይ ከወጣ በኋላ ከልኬት አይለይም።

ዜሮዎችንም ይጠንቀቁ። አንድ ጣቢያ ላይ አምፊፖዱ፣ አይሶፖዱና ታናይዱ በመቶ እየተቆጠረ ኩማሺያን ዜሮ የሚል ካገኙ፣ ዜሮውን ከእንስሳው መቅረት በፊት ከሳህኑ ይጠርጥሩት። ያ በገንዳው ቀዳዳ የደፋሁት ጣቢያ እንዲህ ሆኖ ነው የተመዘገበው። ስህተቱን አውቄ እንዲታረም ጽፌ ነበር፤ በወረቀት መዝገቡ ላይ ተስተካክሏል። ወደ መረጃ ቋት የገባው ግን ከእርማቱ በፊት የተገለበጠው ቅጂ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ኩማሺያን የሌለበት ወለል ተብሎ ይነበባል። ቁጥሩን በግል መልእክት እልክልዎታለሁ፤ ከካርታዎ ያውጡልኝ።